የዓመቱን የአደጋ ዜና እንደ ክርስቲያን እንዴት እንየው? በጳጉሜ ልታደርጉት የምትችሉት ነገር

ጳጉሜ ስትገባ ሁላችንም የሆነ ነገር ወደ ኋላ ዞር ብለን እናያለን፣ ሥራው እንዴት ነበር፣ ብሩ የት ገባ፣ ጤናው፣ ልጆቹ ምናምን። የዓመቱን ዜና ግን እንዴት እንደምናየው ማንም አላስተማረንም፣ በተለይ የመሬት መንቀጥቀጡን፣ የመሬት መንሸራተቱን፣ ጎርፉን፣ እሳተ ገሞራውን። ወይ ፈርተን እንቅልፍ እናጣለን፣ ወይ "በቃ የመጨረሻው ዘመን ነው" ብለን ሼር እናደርጋለን፣ ወይ ደግሞ እግዚኦ ብለን ወደ ቀጣዩ ቪዲዮ እናልፋለን። እዚያ ቦታ ላይ ቤቱ ለፈረሰበት ሰው ሦስቱም ምንም አያደርጉለትም።

እኔ የማምነው ይሄን ነው፦ የአደጋ ዜና ለክርስቲያን ጥሪ ነው፣ የሚጠራንም ወደ ሰዎቹ ነው፣ ዜናው ካለፈ በኋላ ሰዎቹ እዚያው ናቸውና። ከዚህ በታች የምጽፈው ይሄን በተግባር እንዴት እንደማደርገው ነው። ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ጳጉሜ ላይ ማድረጉ የለመደብኝም ለዚያ ነው፣ ፕሮቴስታንት ወይም ካቶሊክ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች በፈለጋችሁት ሳምንት አድርጉት፣ ውጭ ያላችሁም በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ብታደርጉት ያው ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን 2017ን እወስዳለሁ ምክንያቱም ብዙ ነገር የሆነበት ዓመት ስለሆነ።

ደብተር ያዙ

ስልክ ላይ አትጻፉት። ስልኩ ከአንዱ ዜና ወደ ኮሜንት፣ ከኮሜንት ወደ ሌላ ቪዲዮ ይዟችሁ ይሄድና አንድ ሰዓት ሙሉ አልቅሳችሁ ወይ ተናዳችሁ ምንም ሳትጸልዩ ትተኛላችሁ። ተራ የትምህርት ቤት ደብተር ይበቃል። ጳጉሜ አምስት ቀን ናት (በየአራት ዓመቱ ስድስት)፣ በየማታው አንድ አደጋ ብቻ ያዙ። ሁሉንም ልያዝ ካላችሁ አንዱንም አትይዙትም።

ለእያንዳንዱ የምጽፈው ይሄን ነው፦ ቀኑን፣ ቦታውን እስከ ቀበሌው ድረስ፣ ምን እንደሆነ በሁለት ሦስት መስመር፣ የተጎዱት እነማን እንደሆኑ፣ አሁን የት እንዳሉ። ከሥር ግማሽ ገጽ ባዶ እተዋለሁ፣ እሱ ለኔ ነው፣ ምን እንዳደረግኩና ምን እንደማደርግ የሚጻፍበት።

የቦታ ስም ላይ በጣም አጥብቃችሁ ያዙልኝ። "ደቡብ ውስጥ ናዳ ሰው ገደለ" ብሎ መጸለይና "በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ" ብሎ መጸለይ አንድ አይደለም። ስሙን ስትጽፉት እዚያ ትምህርት ቤት እንዳለ፣ ገበያ እንዳለ፣ እናት እንዳለች ይገባችኋል።

ከጎፋ ብትጀምሩስ

የጎፋው ናዳ በቀን መቁጠሪያ 2016 ውስጥ ነው ያለው፣ ሐምሌ 15 ቀን፣ ግን እኔ ከ2017 ጋር ነው የማየው ምክንያቱም ያ ሕዝብ እንቁጣጣሽን የተቀበለው ሀዘን ላይ ሆኖ ነው። ሀዘን ዓመት ሲለወጥ አብሮ አይለወጥም፣ እናንተም ደብተራችሁ ላይ መስከረም 1ን እንደ አጥር አትቁጠሩት።

የሆነውን አብዛኞቻችን በጥቅሉ እናውቀዋለን ግን ዝርዝሩን ረስተነዋል። እሁድ ሌሊት ከባድ ዝናብ ዘነበ፣ ተዳፋቱ ተንዶ የተወሰኑ ቤተሰቦችን ቀበረ። ሰኞ ጠዋት ጎረቤት ሰማ፣ ሮጠ፣ አካፋ ያለው በአካፋ የሌለው በእጁ ጭቃውን ይቆፍር ጀመር። እነሱ እየቆፈሩ ሳለ ተራራው ሁለተኛ ጊዜ ተናደ። ከሞቱት ብዙዎቹ ሊያድኑ የመጡት ናቸው፣ የቀበሌው አስተዳዳሪ ሳይቀር፣ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የግብርና ባለሙያዎች አብረው። በማግስቱ 229 አስከሬን መገኘቱ ተነገረ፣ ከቀናት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት ቁጥሩን 257 አደረሰው። ብዙም ሳይቆይ በዚያው ወር መጨረሻ ወላይታ ኪንዶ ዲዳዬ ላይ ሌላ ናዳ ሰው ገደለ፣ እሱን ማን አስታወሰው?

አሁን ይሄን ከጻፋችሁ በኋላ "እነዚህ ሰዎች በኃጢአታቸው ነው የሞቱት" ማለት የሚችል አፍ ይኖራል ወይ? ጌታችን ነፍሱን ስለ ወዳጆቹ ከሚሰጥ ሰው የሚበልጥ ፍቅር ማንም የለውም ያለው እኮ ስለእንደዚህ ያሉ ሰዎች ነው። በስማቸው አናውቃቸውም፣ እሱ ያውቃቸዋል። እኔ በመታሰቢያቸው ቀን ሐምሌ 15 ላይ ደብተሬን ከፍቼ እጸልይላቸዋለሁ፣ እናንተም ቀኑን የስልካችሁ ካሌንደር ላይ አስቀምጡት፣ ለዚህ ስልኩ ይጠቅማል።

እውነቱን አጣሩ፣ እሱም የእምነት ሥራ ነው

"በሐሰት አትመስክር" የሚለው ትእዛዝ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይም ይሠራል። በ2017 አዋሽ በኩል፣ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራ ተራሮች አካባቢ፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ የነበረውን አስታውሱ። መስከረም 26 እሁድ ማታ መጠኑ 4.9 የሆነው አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ፣ ፎቅ ላይ ያለን ሰዎች ልጆቻችንን አቅፈን ደረጃ ወረድን። ከዚያ ታኅሣሥ ላይ በየቀኑ ሆነ፣ ታኅሣሥ 25 ዶፈን ላይ እንፋሎትና ጭቃ ከመሬት ወጣ፣ በማግስቱ ቅዳሜ ንጋት ላይ 5.7 የሆነ መጣ፣ ገና ሊሆን ሦስት ቀን ሲቀረው። የካቲት 7 ማታ ደግሞ 6.0። በዚያን ሰሞን ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ታስታውሳላችሁ፣ የሌላ አገር እሳተ ገሞራ ቪዲዮ ፈንታሌ ፈነዳ ተብሎ፣ ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት ትልቅ ይመጣል የሚል ድምፅ፣ ነቢይ እገሌ ቀድሞ ተናግሮ ነበር የሚል። ያንን የላከላችሁ ሰው ክፉ ሆኖ ላይሆን ይችላል፣ ፈርቶ ነው፣ ግን ፍርሃት ውሸትን እውነት አያደርገውም።

እንግዲህ ማጣሪያው ቀላል ነው። አንደኛ፣ የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ጠርቶ የሚተነብይ ሳይንስ እስካሁን የለም፣ ስለዚህ ሰዓት የሚጠራላችሁን ማንንም አትመኑ፣ በሳይንስ ስም ይምጣ በመንፈስ ስም። ጌታ ራሱ ያችን ቀንና ሰዓት ማንም አያውቃትም ካለ በኋላ ሰዓት የሚነግረን ሰው ከማን ሰምቶ ነው? ሁለተኛ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት አለ፣ እነ ፕሮፌሰር አታላይ አየለ በዚያ ሰሞን ሚዲያ ላይ እየወጡ በትዕግሥት ሲያስረዱ ነበር፣ የአሜሪካው የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ድረ ገጽም የእያንዳንዱን መጠንና ቦታ ያወጣል። ከማመናችሁ በፊት እዚያ እዩ። ሦስተኛ፣ ቪዲዮው ላይ የቦታ ስምና ቀን ከሌለው አትላኩት፣ በቃ። አሁን ኤአይ የሚሠራውን ቪዲዮ በዓይን መለየት እየከበደ ነው፣ ስለዚህ "እውነት ይመስላል" አይበቃም።

ምክንያቱንም በአጭሩ ጻፉት። የስምጥ ሸለቆው መሬት እየተላቀቀ ነው፣ አፋር ላይ ሦስት የመሬት ንጣፎች ይገናኛሉ፣ ከፈንታሌ እስከ ዶፈን ባለው ከሥር የቀለጠ ዓለት መንገድ እየሰነጠቀ ሲገባ ነው መሬቱ የተንቀጠቀጠው። አንዳንድ ሰው ይሄን ሲሰማ እምነት የሚቀንስበት ይመስለዋል፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ተራሮችን የሠራ እግዚአብሔር ተራሮች የሚሠሩበትን መንገድም እሱ ነው የሠራው፣ እነዚያ የምንወዳቸው ሐይቆች፣ ፍል ውሃው፣ ለም የሆነው አፈር ከዚሁ ከስምጥ ሸለቆው የመጡ ናቸው።

የኩናርና የአዋሽ 6.0

ይቺን ንጽጽር ደብተሬ ላይ ስጽፋት ቆም ብዬ ብዙ አስቤባታለሁ። የካቲት 7 አዋሽ በኩል የሆነው 6.0 ነው። ነሐሴ 25 ሌሊት ደግሞ አፍጋኒስታን ኩናር የሚባል ክፍለ ሀገር ላይ የሆነውም 6.0 ነው። በኩናሩ ከ2,000 በላይ ሰው ሞተ። ቁጥሩ አንድ፣ ሁለቱም ብዙ ጥልቀት የላቸውም፣ ታዲያ ልዩነቱ ምንድነው? ኩናር ላይ ቤቶቹ ከድንጋይና ከጭቃ ተሠርተው ገደላማ ቦታ ላይ ተደራርበው ነው ያሉት፣ ሌሊት ነበር ሰው ተኝቷል፣ መንገዱ በናዳ ተዘጋ። የኛ ጋ ሰዉ በቆላው ሜዳ ተበትኖ ነው የሚኖረው፣ ደግሞ ታኅሣሥ ላይ ብዙ ሰው ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ወረዳዎች ተነስቶ ነበር፣ ያኔ መንግሥት ለአደጋ በተጋለጠው አካባቢ 80,000 ያህል ሰው እንደሚኖር ተናግሮ ነበር።

ይሄ ምን ማለት ነው? መሬቱን የሚያንቀጠቅጠው የሰው እጅ አይደለም፣ ሰውን የሚገድለው ግን ብዙ ጊዜ የሚወድቅበት ግድግዳ ነው፣ ግድግዳውን የሠራነው ደግሞ እኛ ነን፣ ወይ ድህነት ነው የሠራው። ስለዚህ "አምላኬ ለምን?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ (ጠይቁ፣ መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ግማሹ ጥያቄ ነው) ሁለተኛ ጥያቄም ጻፉ፣ "እኛስ ለምን?" የሚል። ማነው ድሃውን ገደል ላይ ያስቀመጠው? ብረቱን ቀንሶ ፎቅ የሠራ ኮንትራክተር እሁድ እሁድ ከጎናችን ቆሞ ያስቀድስ ይሆን? ነቢዩ አሞጽ ትንቢቱን የጀመረው የመሬት መንቀጥቀጡ ሊሆን ሁለት ዓመት ሲቀረው ብሎ ነው፣ መጽሐፉን ስታነቡት ግን አብዛኛው ድሃን ስለሚረግጡ፣ በሐሰተኛ ሚዛን ስለሚሸጡ ሰዎች ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ የምታስፈራችሁ ከሆነ አሞጽን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡት፣ ዘጠኝ ምዕራፍ ነው፣ በአንድ ማታ ያልቃል።

"እግዚአብሔር ቀጣቸው" ሲባል ምን እንበል

ይሄ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም በጣም የምናጠፋው እዚህ ላይ ነው። የኛው የገና ቀን፣ ታኅሣሥ 29፣ ሎስ አንጀለስ ላይ እሳቱ ተነሳ። እኛ ዶሮ ወጥ እየበላን ሳለ በአማርኛ ገጾች ላይ ወዲያው "ሆሊውድን እግዚአብሔር ቀጣው" መባል ተጀመረ። ከ16,000 በላይ ሕንፃ ነው የተቃጠለው። የተቃጠለው የኮከቦቹ ቪላ ብቻ ነበር ወይ? አልታዲና የምትባለው ሰፈር ጥቁር አሜሪካውያን በብዙ ልፋት ቤት የገዙባት ሰፈር ናት፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ መስጊድ ተቃጠለ፣ ምኩራብ ተቃጠለ። በዚያች ከተማ ስንት ሐበሻ ነው የሚኖረው፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሊትል ኢትዮጵያ የሚባል ሰፈር እስከማለት የደረሰ፣ ስንቱ በዚያ ሰሞን ጭስ እየተነፈሰ ሻንጣ አዘጋጅቶ ስልኩ ላይ የመልቀቂያ ትእዛዝ ይጠብቅ ነበር፣ ያ ሰው ፌስቡክ ከፍቶ የአገሩ ልጅ "ይገባቸዋል" ሲል ሲያነብ ምን ይሰማዋል?

መጋቢት 19 ደግሞ ምያንማር ላይ 7.7 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ፣ ከ3,000 በላይ ሰው ሞተ። ዓርብ ቀን ነበር፣ የረመዳን ዓርብ፣ ሳጋይንግ ላይ በመስጊድ ለስግደት የቆሙ ሰዎች ላይ ጣሪያው ወደቀ። ማንዳላይ ላይ ፈተና ላይ የነበሩ የቡድሃ መነኮሳት ላይ ሕንፃ ፈረሰ። ይሄን አንስቶ "የኛ ስላልሆኑ ነው" የሚል ክርስቲያን ካለ ሉቃስ 13ን ይክፈት። ሰዎች ለጌታ የሞት ዜና አመጡለት፣ እሱ ደግሞ ሌላ ዜና ጨመረላቸው፣ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ አሥራ ስምንት ሰው እንደገደለ። ከዚያ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ እነሱ በደለኞች ይመስሏችኋል ወይ ብሎ ጠየቀና ራሱ መለሰ፣ አይደለም አለ። ቀጥሎ ያለው ንስሐ ግቡ ነው፣ የተናገረውም ቆመው ለሚሰሙት ነው፣ ለሞቱት አይደለም። ስለዚህ የሌላ ሰው አደጋ ስናይ የምንመረምረው ሕይወት የራሳችን ነው።

ለዚህ የምጠቀምበት ነገር አለ፦ ስለ አንድ አደጋ ምክንያት ከመናገሬ በፊት ሰባት ቀን እጠብቃለሁ። የኢዮብ ወዳጆች ሥራቸው ሁሉ የተበላሸ አይደለም፣ መጀመሪያ መጥተው ከሱ ጋር ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ሕመሙ ታላቅ መሆኑን አይተው አንዳቸውም ቃል አልተናገሩም። ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። የኛ ለቅሶ ቤት ባህልም ይሄን ያውቃል እኮ፣ ሄደን ዝም ብለን እንቀመጣለን። ኢንተርኔት ላይም እንደ ለቅሶ ቤት ሁኑ። መጀመሪያ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" በሉ፣ ስለ ዘመን መጨረሻ የሚባለው ይቆየን።

"የምጥ ጣር መጀመሪያ ነው" ተብሎ በማቴዎስ 24 የተጻፈውን አልካድኩም፣ አምነዋለሁ። ግን እዚያው ቦታ ላይ "ተጠንቀቁ፣ አትደንግጡ" የሚል አለ፣ ወረድ ብላችሁ ምዕራፍ 25 ስትደርሱ ደግሞ ተርቤ አብልታችሁኛል፣ እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል የሚለው ይመጣል። ሁለቱ ተከታታይ ንግግር ናቸው፣ አንዱን ሼር አድርጋችሁ አንዱን አትተዉት።

ጾመን ጸልየን ቢመጣስ?

በ2017 ጾመ ነነዌ ከየካቲት 3 እስከ 5 ነበር። ብዙ ሰው ስለ መሬት መንቀጥቀጡ እያሰበ ነው የጾመው፣ እኔም። ጾሙ ካለቀ ሁለት ቀን ሳይሞላ ከሁሉም የበለጠው 6.0 መጣ። አንድ ወጣት "ታዲያ ጾሙ ምን ሠራ?" ብሎ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ፣ ጥያቄው የክህደት አይደለም፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ደብተራችሁ ላይ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ካለ አትፋቁት። የኔ መልስ እንዲህ ነው፦ ነነዌ ስንጾም እግዚአብሔር የምንፈልገውን እንዲያደርግ እናስገድደዋለን ማለት አይደለም፣ ዮናስ ራሱ እግዚአብሔር በሚያደርገው ተናድዶ ነው መጽሐፉ የሚያልቀው። ጾሙ እኛን ወደሱም ወደ ሰዎቹም ያቀርበናል፣ በዚያ ሳምንት ስለ አዋሽ ሰዎች ያሰብነውን ያህል በሌላ ጊዜ አስበን አናውቅም። ደግሞ ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ እንደዚያ ሆኖ ብዙ ነፍስ አለመጥፋቱን ሳስብ ተመስገን እላለሁ። ለምን ኩናር ላይ እንደዚያ እንደሆነ ግን አላውቅም፣ አውቃለሁ ብዬም ለማንም አልሰብክም።

ኤልያስ ኮሬብ ላይ ቆሞ ነፋሱ መጣ፣ የምድር መናወጥ መጣ፣ እሳት መጣ፣ እግዚአብሔር በነዚያ ውስጥ አልነበረም ይላል 1ኛ ነገሥት 19። ከዚያ በኋላ የመጣው ቀጭን ድምፅ ነው፣ ድምፁም ኤልያስን ሥራ ሰጥቶ ነው ወደ መንገዱ የመለሰው። ይሄን ምንባብ ከአምስቱ ማታ በአንዱ ጮክ ብላችሁ ለቤተሰብ አንብቡት፣ ልጆች በጣም ይወዱታል።

ጸሎቱ

ረጅም መሆን የለበትም። ውዳሴ ማርያምም ሆነ የዘወትር ጸሎት የምታደርሱ እሱን አድርሳችሁ የቦታውን ስም ጨምሩበት። መዝሙር 45 (በፕሮቴስታንቱ ቁጥር 46) ምድር ብትነዋወጥ ተራሮችም ወደ ባሕር ልብ ቢወሰዱ አንፈራም የሚለው ለዚህ የተጻፈ ይመስላል። ከዚያ የሞቱትን፣ የቆሰሉትን፣ ቤት ያጡትን፣ አስከሬን ያወጡትን (እነሱን ሁሌ እንረሳለን፣ ያዩት ነገር ሌሊት አያስተኛቸውም)። ጎረቤቶቻችን አፋሮች ብዙዎቹ ሙስሊም ናቸው፣ ስለነሱ መጸለይ ክርስትናችን ነው፣ ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን ሃይማኖትህ ምንድነው ብሎ አልጠየቀውም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። "ተመስገን እኛ ጋ አልደረሰም" የሚለው ጸሎት ጆሮ ላይ ጥሩ ነው ግን እዚያ ያለው እንዴት እንደሚሰማው አስቡ። እኔ "አተረፍከን፣ ምን እንድንሠራ ነው?" ብዬ እጨርሰዋለሁ።

ባዶው ግማሽ ገጽ

የሐዋርያት ሥራ 11 ላይ አጋቦስ የሚባል ነቢይ ረሀብ እንደሚመጣ ተናገረ። የአንጾኪያ ክርስቲያኖች ምን አደረጉ? ረሀቡ የትኛው ትንቢት ፍጻሜ ነው ብለው ሲከራከሩ አልተጻፈም፣ እያንዳንዱ እንደ ችሎታው አዋጣና በበርናባስና በሳውል እጅ ላኩት። እንደ ችሎታው፣ እና በታመነ እጅ። ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው።

በታመነ እጅ ስል የግል ሒሳብ ቁጥር ላይ ቶሎ አትላኩ፣ አደጋ በሆነ ቁጥር በሌላ ሰው ፎቶ የሚለምኑ አሉ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አለ፣ የቤተ ክርስቲያናችን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን አለ፣ መካነ ኢየሱስም የራሷ የልማት ኮሚሽን አላት፣ ደግሞ የአካባቢውን ሀገረ ስብከት ወይ ማኅበረ ምእመናን በስልክ አግኝቶ ምን ጎደላችሁ ማለት ይቻላል። ከሁሉም በላይ ጊዜውን አስቡበት። በመጀመሪያው ሳምንት ዱቄትና ብርድ ልብስ ከየቦታው ይመጣል፣ በስድስተኛው ወር ማንም የለም፣ ዘር መግዣ የሚያስፈልገው፣ ለልጅ ደብተር የሚያስፈልገው ያኔ ነው። በማኅበር ወይ በቤተሰብ ከሆናችሁ ገንዘቡን ግማሹን አሁን ግማሹን ከስድስት ወር በኋላ ላኩ፣ ቀኑን ደብተሩ ላይ ጻፉት።

ገንዘብ የሌለው ሰው ባዶውን ገጽ ባዶ ይተወው ወይ? አይ፣ ቤቱን ያስተካክል። ዝግጅት እምነት ማጣት አይደለም፣ ዮሴፍ ሰባት ዓመት እህል ሲያከማች እግዚአብሔርን ተጠራጥሮ አልነበረም። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ቁም ሳጥንና ቲቪ ግድግዳ ላይ በደንብ ይታሰር፣ ከአልጋ በላይ ከባድ ነገር አይሰቀል፣ ሲንቀጠቀጥ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብታችሁ እግሩን ያዙ ራሳችሁን ሸፍኑ፣ ሊፍት አትጠቀሙ፣ ሲቆም የጋዙን ሲሊንደር ዝጉ። ይሄን ለልጆቻችሁ በጨዋታ አለማምዷቸው። ገጠር ተዳፋት ላይ ቤተሰብ ያላችሁ ደግሞ ክረምት ሳይገባ ደውሉላቸውና ይሄን ንገሯቸው፦ መሬቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ካዩ፣ ዛፍ ወይ ምሰሶ ከዘመመ፣ ጠርቶ የሚፈስ ምንጭ ድንገት ከደፈረሰ፣ ያን ሌሊት እዚያ አይደሩ። ናዳ ከወረደ በኋላም ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ አይግባ፣ ጥቂት ሰው ሲቆፍር ሌላው ከላይ ያለውን ተራራ እያየ ይጠብቅ፣ ድምፅ ከሰማ ይጩህ። ጎፋ ላይ ለሞቱት ይሄን ማስተማር እንደ ተዝካር ነው ብዬ ነው የማስበው። ቄሶቻችንና ፓስተሮቻችን ሰኔ ላይ ከስብከት በኋላ አምስት ደቂቃ ወስደው ይሄን ቢናገሩ ስንት ነፍስ ይተርፋል፣ በዚያ አካባቢ ከማንም በላይ የሚሰሙት እነሱ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ደንም አትንኩ በሏቸው፣ ሥሩ አፈሩን ይዞታል።

ልጆች ሲጠይቁ

ትንንሽ ልጆች "እኛም ላይ ይመጣል?" ነው የሚሉት። አይመጣም ብላችሁ አትዋሹ። "ቢመጣ ምን እንደምናደርግ እናውቃለን፣ እግዚአብሔርም ከኛ ጋር ነው" በቂ ነው። የአስከሬን ቪዲዮ አታሳዩአቸው፣ እናንተም ደጋግማችሁ አትዩ።

ዓመቱ ውስጥ ደብተሩን መቼ መክፈት

ደብተሩ ጳጉሜ ላይ ተጽፎ ቁም ሳጥን ውስጥ ከገባ ትርጉም የለውም። እኔ በጥምቀት ሰሞን፣ በትንሣኤ ሰሞንና በሐምሌ እከፍተዋለሁ። ሁሌ የምጠይቀው "አሁን የት ናቸው?" የሚለውን ነው፣ መልስ ካላገኘሁ እደውላለሁ፣ የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ፣ በዚያ አካባቢ ሥራ ያለው፣ ዘመድ ያለው ሰው አይጠፋም።

አዲስ ነገር ሲሆንም ያኔውኑ ጻፉ። 2018 ገብቶ ኅዳር 14 አፋር ላይ ኃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን አልፎ ሕንድ ደረሰ፣ የዓለም ዜና ሁሉ ስለ ተሰረዙ በረራዎች አወራ። የሞተ ሰው የለም ተባለ፣ ተመስገን፣ ዜናውም በሁለት ሦስት ቀን አለቀ። አፍዴራ በኩል ያለው አርብቶ አደር ግን ሣሩ ላይ አመድ ወርዶበት ፍየሉና ግመሉ የሚበላው አጥቶ ነበር። እኔ ኃይሊ ጉቢ ብዬ ገጽ ከፍቼ ከሥሩ የጻፍኩት ጥያቄ "ከብቶቻቸው እንዴት ሆኑ?" የሚል ነው፣ ሠመራ የሚሠራ አንድ ወንድም አለ፣ በጥምቀት ሰሞን ደውዬ እጠይቀዋለሁ፣ ድርቆሽ የሚገዛላቸው ካለም ማኅበራችን ከሚያዋጣው ግማሹ እዚያ ይሄዳል።